ብዙኃኑ ኀ

ለቡ መብራት ኃይል ከታክሲ ስወርድ የሰፈሩን ስም በሦስት ዓይነት ተጽፎ አየዋለሁ። አንዱ ሱቅ «ኃይል» ብሎ ጽፏል። አጠገቡ ያለው «ሃይል» ይላል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ «ሀይል» አለ። ረዳቱ ሦስቱንም በአንድ ድምፅ ይጣራል። ስሕተት የለበትም፤ አማርኛ ሀሌታውን ሀ፣ ሐመሩን ሐ እና ብዙኃኑን ኀ መለየት ከተወ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጆሮ የረሳውን ልዩነት ይዞ የቀረው ጽሕፈት ነው። እሱም ሲይዝ፣ ሲለቅ።

ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ሁለት የግእዝ መዝገበ ቃላት አሉ። አንዱ ግእዙን በላቲን ይፈታል፣ ሌላው በአማርኛ። የሰፈሬን ስም ይዤ ወደ ሁለቱም መግባት እወዳለሁ። ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ነገር ግን መጻሕፍቱ እንዴት እንደተሠሩ ለማየት ሁለት ቃል ይበቃል።

የላቲኑን ላስቀድም። የአውግስት ዲልማን ሥራ ነው፤ ርእሱ «ሌክሲኮን ሊንጓይ አይቲዮፒካይ»፣ የኢትዮጵያ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ማለት ነው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1865 ላይፕሲግ ውስጥ፣ በቫይግል ቤት ነው። የእኔ በፎቶ ከተባዛ ቅጂ የተጠረዘ ነው። ገጹ ለሁለት ዓምድ ተከፍሏል። ቁጥር የተሰጠው ለዓምዱ ነው እንጂ ለገጹ አይደለም፤ ዓምዶቹም ከ1,400 ይበልጣሉ። ይህን ዝም ብዬ አላልፈውም። ገጽ የተጠቆመ ሰው ሁለት ዓምድ ማሰስ አለበት። ዓምድ የተጠቆመ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። እስከ ዛሬም ድረስ ዲልማንን የሚጠቅስ ሊቅ የሚጠራው ዓምዱን ነው።

የፊደሉ ተራ የእኛው ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ቀ፣ በ፣ ተ። አሥራ አንደኛዋ ኀ ናት። ቃላቱ ግን በሚጀምሩበት ፊደል አልተደረደሩም፤ የተደረደሩት በሥራቸው ነው። «መዝገብ»ን መ ላይ የሚፈልግ አያገኘውም፤ ዘገበ ዘንድ መሄድ አለበት። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ የሚከፍት ሰው ቃሉን ከመፈለጉ በፊት መግፈፍ አለበት። መነሻውን ምዕላድ ያወልቃል፣ መድረሻውን ያወልቃል፣ ሦስቱ ፊደላት ሲቀሩ ያን ጊዜ ይገልጣል። ሰዋስው የማያውቅ ሰው በሩ አይከፈትለትም።

ኀይልን ስፈልግ ኀየለ ዘንድ እሄዳለሁ። አሠራሩ በየቃሉ አንድ ነው። ሥሩ በግእዝ ፊደል ይቆማል። አጠገቡ ቅንፍ ይከፈታል፤ በቅንፉ ውስጥ ዘመዶቹ ይሰለፋሉ፤ ዕብራይስጡ በዕብራይስጥ ፊደል፣ ዓረብኛው በዓረብኛ፣ ሱርስቱ በሱርስት። ቅንፉ ሲዘጋ የላቲኑ ፍቺ ይመጣል፤ ለኀይል ዊስ፣ ሮቡር፣ ፖቴንቲያ፤ ብርታት፣ ጥንካሬ፣ ሥልጣን። ቀጥሎ ሁለተኛው ፍቺ፣ ሠራዊት። የዕብራይስጡ ሐይልም ልክ እንዲሁ ብርታትንና ሠራዊትን አንድ ላይ የያዘ ነው። ከላቲኑ ጎን ደግሞ የግሪኩ ዲናሚስ አለ። ግሪኩ ለጌጥ አልገባም። መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግእዝ የተመለሰው ከግሪክ ስለሆነ፣ የግሪኩ ቃል ተርጓሚው ኀይልን ሲጽፍ ዓይኑ ምን ላይ እንደነበረ ያሳያል።

ከዚያ ምስክሮቹ ይመጣሉ። በምሕጻር ነው። ሄን ሲል መጽሐፈ ሄኖክ ነው፤ ኩፍ ሲል ኩፋሌ። ፍትሐ ነገሥት በሁለት ሆሄ ይጠራል፣ ስንክሳርም በሁለት። ሉድ የሚል ሲገኝ ከእርሱ በፊት የነበረው ሊቅ፣ ሉዶልፍ፣ ያመጣው ቃል ነው ማለት ነው። ከምሕጻሩ ቀጥሎ ምዕራፍና ቁጥር አለ። ዲልማን ቃሉን አየሁ ሲል የት እንዳየው ይናገራል።

አሁን ይህን መስመር ከሠራተኛው ወገን ሆናችሁ እዩት። የእርሳስ ፊደል በእጅ የሚለቅመው ሰው በአንዲት ቃል መግቢያ ላይ ብቻ ስድስት ዓይነት ፊደል ያነሣል፤ ግእዝ፣ ዕብራይስጥ፣ ዓረብኛ፣ ሱርስት፣ ግሪክ፣ ላቲን። ከእነዚህ ሦስቱ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄዱ ናቸው። ቅንፉ ሲከፈት አቅጣጫ ይገለበጣል፣ ሲዘጋ ይመለሳል። ይህን ከ1,400 ዓምድ በላይ መደጋገም ምን ማለት እንደሆነ አንድ ጊዜ በኮምፒውተር ዓረብኛና አማርኛ በአንድ መስመር ለመጻፍ የሞከረ ሰው ያውቀዋል።

ሌላ የምወደው ነገር አለ፤ ከእያንዳንዱ ግስ ጎን የሚቆሙት ሁለት ቁጥሮች። የመጀመሪያው የሮማ ቁጥር ነው፣ ከአንድ እስከ አራት። አንድ መነሻው ነው፣ ሁለት በ«አ» የሚያስደርገው፣ ሦስት በ«ተ» የሚደረገው፣ አራት በ«አስተ» የሚመጣው። ሁለተኛው ተራ ቁጥር ነው፣ ከአንድ እስከ ሦስት። ቀተለ አንድ ነው፣ ቀደሰ ሁለት፣ ባረከ ሦስት። አራት በሦስት ሲባዛ አሥራ ሁለት መሳቢያ። ባለ ሦስት ፊደል የግእዝ ግስ ሁሉ ከእነዚህ በአንዱ ይገባል። የቁጥሮቹ ጥቅም ከመደርደርም ያልፋል። ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። ቀደሰ ማህሉ እንደሚጠብቅ ከጽሕፈቱ ማወቅ አይቻልም። ከጎኑ ያለችው «ሁለት» ግን ይጠብቃል ትላለች። ፊደሉ የማያሳየውን ድምፅ አንዲት ቁጥር ተሸክማዋለች።

ለምን በላቲን ሆነ? ዲልማን ጀርመናዊ ነው፤ የግእዝ ሰዋስዉን እ.ኤ.አ. በ1857 ያሳተመው በጀርመንኛ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ መዝገበ ቃላቱን በላቲን አወጣው። አንድ ሰው፣ አንድ ከተማ፣ አንድ አሳታሚ፣ ሁለት ቋንቋ። እንደሚመስለኝ ሥራው ነው ቋንቋውን የመረጠው። ሰዋስው ያብራራል፤ ለማብራራት የገዛ አፍ ይሻላል። መዝገበ ቃላት ግን ቃልን ከቃል ጋር ያጋጥማል። ለማጋጠም የማይነቃነቅ ነገር ያስፈልጋል፤ አናጢ እንጨቱን በማጥበቂያ አስሮ እንደሚልግ። ላቲን በ1865 የማንም የአፍ መፍቻ አልነበረም፤ ፍቺውም አይንሸራተትም። ኡፕሳላ፣ ሮማና ኦክስፎርድ ያሉ አንባቢዎች እኩል ያነቡት ነበር።

ይህ ግን የላቲን የማታ ሥራው ነው። ላቲን በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር የትምህርት ዓይነት ብቻ አልነበረም፤ ቤቱ ራሱ ነበር። ሕግ በላቲን ነው፣ ሕክምና በላቲን ነው፣ ነገረ መለኮት በላቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1215 የወጣው የፓሪስ ደንብ ተማሪዎች የፕሪስኪያንን ሰዋስው እንዲሰሙ ያዛል፤ ወደ ሌላው ክፍል መግቢያ ደጅ ነውና። በ1687 ክርስቲያን ቶማስዩስ ላይፕሲግ ላይ ትምህርቱን በጀርመንኛ እንደሚሰጥ ማስታወቂያ ሲለጥፍ ቤቱ መሰንጠቅ ጀመረ። በ1777 ፍሪድሪሽ አውግስት ቮልፍ የሚባል ወጣት ጎቲንገን ሲመዘገብ ሙያውን «የፊሎሎጂ ተማሪ» ብሎ አስጻፈ፤ የካህንነት ወይም የሕግ መንደርደሪያ አላደረገውም። ጥንታዊዎቹን ቋንቋዎች ለራሳቸው ሲል ሊማር ነው። በ1960 ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ላቲንን ለሁሉም መግቢያ ግዴታ ማድረጉን ተዉ። መናገሪያነቱ በቀነሰ መጠን መመርመሪያነቱ ጨመረ። ሙኒክ ያለው ትልቁ የላቲን መዝገበ ቃላት ሥራ በ1894 ተጀመረ፣ የመጀመሪያው ክፍል በ1900 ታተመ፤ ዛሬም አላለቀም። ዲልማን የግእዙን ከሀ እስከ ፐ በአንድ ዕድሜ ጨርሷል፤ የብራናው ብዛት አንድ ባይሆንም።

ላቲንና ግእዝ የተገናኙት ከዲልማን በፊት ነው። ሮማ ውስጥ ዮሐንስ ፖትከን ዳዊትን በግእዝ ያሳተመው በ1513 ነው። ማሪያኖ ቪቶሪዮ የግእዝን ሰዋስው በላቲን በ1552 አወጣ። በመካከሉ ተስፋ ጽዮን የሚባል የእኛ መነኩሴ፣ በ1548 እና 49፣ ሐዲስ ኪዳንን እዚያው አሳትሟል። እኔን የሚይዘኝ ግን የ1649ኙ መገናኘት ነው። ኢዮብ ሉዶልፍ ከኤርፉርት የመጣ የሃያ አምስት ዓመት ሰው ነበር። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው፣ ሮማ ቅዱስ እስጢፋኖስ በሚገኘው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ ነበሩ። ሉዶልፍ ግእዝን ከመጽሐፍ ተምሮ ነው የመጣው። ሁለቱን ያገናኘው ቋንቋ ያ ነበር፤ አንዱ ከወረቀት፣ ሌላው ከቤተ ክርስቲያን። በ1652 ጎርጎርዮስ ጎታ ድረስ ሄዱ። በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ መርከባቸው እስክንድሩና አጠገብ ሰጠመች።

የሉዶልፍ መዝገበ ቃላት በ1661 ለንደን ላይ ታተመ። ኅትመቱን የተከታተለው ቫንስሌብ ነበር፤ በሥራው ሉዶልፍ አልተደሰተም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ1699፣ ሰባ አምስት ዓመት ሲሆነው፣ ፍራንክፈርት ላይ እንደገና አወጣው። አንድን ሥራ ልክ አይደለም ብሎ በዚያ ዕድሜ እንደገና የሚቀመጥ ሰው ምን ዓይነት ጠራቢ እንደሆነ አልጠይቅም። ዲልማን ዓምድ ላይ ሉድ የምትለዋን ባየሁ ቁጥር ከኋላዋ ጎርጎርዮስ አሉ። ምሕጻሩ ግን ስማቸውን አይዝም።

አሁን ወደ ሰፈሬ ስም የመጀመሪያ ቃል። መብራት በአማርኛ ከበራ ይወጣል፤ በራ ደግሞ በግእዝ በርሀ ነው። ሀ በአማርኛ ጠፍታለች፤ ሥሩ አንድ እግሩን አጥቷል። እዚሁ አካባቢ የማውቃቸው መሪጌታ አሉ፤ አንድ ቀን መጽሐፉን ይዤ ሄድኩ።

«መሪጌታ፣ በርሀ ቤቱ ማን ነው?»

«ገብረ ነዋ። ማህሉን እየው፤ ሳድስ ነው።»

ወዲያው አወረዱት፤ በርሀ፣ ይበርህ፣ ይብራህ። ቀዳማይ፣ ካልዓይ፣ ሣልሳይ። ከዚያ አብርሀ፣ ያበርህ፣ ያብርህ። እኔ ገና በን እየፈለግሁ ነበር።

የቅኔ ቤት አከፋፈል ከዲልማን ይለያል። አርእስተ ግስ ስምንት ናቸው፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ። አዕማድ አምስት፤ አድራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራጊ፣ ተደራራጊ፣ አደራራጊ። ስምንት በአምስት። ዲልማን ቀተለንና ገብረን በአንድ መሳቢያ ያስገባል፤ ልዩነታቸውን ከጎን ሣልሳይ አንቀጹን ጽፎ ያሳያል። ቅኔ ቤት ግን ሁለት ቤት ይሠራላቸዋል። ሤመንና ቆመን ዲልማን ድካም ያለባቸው ሥሮች ይላቸዋል፤ መካከለኛ ፊደላቸው የሰለለ። ቅኔ ቤት ድካም አያውቅም፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አለቃ ናቸው። የዲልማን ለዓይን የተሠራ ነው፤ ጥቂት መሳቢያ፣ ብዙ ምልክት። የቅኔ ቤቱ ለጆሮ ነው። በቃል የሚያዝ ነገር ምልክት አይጫንበትም፤ አንዱን ግስ ካወቅህ ባልንጀሮቹ በዜማው ተከትለው ይወርዳሉ። የትኛው ይበልጣል ብሎ መጠየቅ መጋዝና መዶሻን እንደማወዳደር ነው። ፍጥነት ከተባለ ግን ያን ቀን መሪጌታ ቀድመውኛል።

መሪጌታ መጽሐፉን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት። «ይህ ሰው የማን ተማሪ ነው?» አሉ። ቱቢንገን የተማረ ነው፣ ግእዙን የመረመረው ለንደን፣ ኦክስፎርድና ፓሪስ ካሉ ብራናዎች ነው አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «ተነሹን ከወዳቂው የሚለይበት ግን አላየሁም» አሉ። እውነት ነው። ንባብ ቤት የሚያስተምራቸው ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ መጽሐፉ ውስጥ ምልክት የላቸውም። ብራና ድምፅ አይሰጥም፤ ዲልማንም ብራናው ያልሰጠውን አልፈጠረም።

ሌላም ጉድለት አለው፤ ይህኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። መጽሐፉ የወጣው በ1865 ነው። እንግሊዞች የመቅደላን መጻሕፍት የወሰዱት በ1868 ነው። በመቶ የሚቆጠሩት እነዚያ ብራናዎች ለንደን ሲደርሱ መዝገበ ቃላቱ ታትሞ አልቋል። በ1952 ሲልቫን ግሬቦ ፓሪስ ላይ ተጨማሪ ቃላት የያዘ መጽሐፍ አወጣ። ተጨማሪ ሲሠራለት ዋናው አልፈረሰም፤ ጎኑ ላይ ተጣበቀበት። በደንብ የተሠራ ነገር ቅጥያ ይቀበላል።

ሁለተኛው መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ነው። «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ»፣ አዲስ አበባ፣ 1948 ዓ.ም.፤ 900 ገጽ ገደማ። ሦስት እጅ አርፎበታል። የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ሮማ ላይ የኢኛትስዮ ጉዪዲ አስተማሪ የነበሩ። ያደራጁትና ያስፋፉት ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ፣ ለብዙ ዓመት ኢየሩሳሌም ተቀምጠው ዕብራይስጥ፣ ሱርስትና ዓረብኛ የተማሩ። ለኅትመት ያበቁት የኪዳነ ወልድ ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ። ገጹን ስገልጥ አንዱ የተወበትን፣ ሌላው የቀጠለበትን ቦታ ለማየት እሞክራለሁ። መጋጠሚያው አይታይም።

እዚህ የፊደሉ ተራ ይለወጣል፤ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ። ኪዳነ ወልድ ይህ ነው ጥንታዊው ብለው ይሟገቱ ነበር፤ እንደ ዕብራይስጡና እንደ ሱርስቱ። ስለዚህ ዲልማን ዘንድ ዘጠነኛ የነበረችው በ እዚህ ሁለተኛ ናት፤ በርሀም ከእርሷ ጋር ወደ ፊት መጥቷል። ፍቺው አማርኛ ነው፤ የተጠጋጋ፣ የሚደራረብ። በራ፣ ደመቀ፣ ፈካ እያለ አንዱን ትርጉም ከሦስት ወገን ይይዘዋል። ዲልማን አንድ የላቲን ቃል አጥብቆ የሚያስርበትን ቦታ ኪዳነ ወልድ በሦስት የአማርኛ ቃል ያቅፉታል። ምስክር እንደ ዲልማን አይደረድሩም። ቃሉ የት እንዳለ ስፈልግ ዲልማን ጋ እሄዳለሁ፤ ቃሉ እንዴት እንደሚራመድ ስፈልግ ኪዳነ ወልድ ጋ።

ዛሬ ግእዝ ከላቲን የሄደበትን መንገድ እየሄደ ነው፤ ከቤትነት ወደ ትምህርት ዓይነትነት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊሎሎጂ ይማራል፣ ብራና ይመረመራል። ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የግእዝ ትምህርት ጀመረ፤ ለመነሻው ከረዱት አንዱ ዊክንድ የሚባለው ዘፋኝ ነው። ሐምቡርግ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ማእከል በሉዶልፍ ስም ይጠራል፤ ዲልማንንም ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት እነሱ ናቸው። አሁን ኀይልን ጽፎ መጫን ነው፤ ዓምዱ ይመጣል። አብዛኛው ተማሪ ደግሞ የቮልፍ ሌስላውን የ1987 መዝገበ ቃላት ይመርጣል፤ በእንግሊዝኛ ስለሆነ። አልፈርድም።

እኔ ግን በወረቀቱ ስሠራ አንድ ነገር ደርሶብኛል። ላቲን ተምሬ አላውቅም። ገብረ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ግን አጠገቡ ያለው ፋኬሬ ማድረግ እንደሆነ ገባኝ። ከነገረ ሎኩዊን አወቅሁ፣ ከብርሃን ሉክስን። ዲልማን ግእዙን በላቲን አስሮ ያዘ፤ ለቡ ላይ ማጥበቂያው ተገለበጠ፤ ላቲኑን የያዘልኝ ግእዙ ነው። እንዲህ የለቀምኳቸው ጥቂት መቶ ቃላት መግቢያዎቹን ለማንበብ ይበቁኛል።

በመጨረሻ ማውጫው አለ። ዲልማን ከመጽሐፉ ጀርባ የላቲን ማውጫ አስገብቷል፤ በላቲኑ ቃል ገብተህ ወደ ግእዙ ትደርሳለህ። ትናንት ማታ መብራት የሚለውን በዚያ በኩል ልሞክር አልኩ። የሚበራ ዕቃ፣ ፋኖስ፣ ኩራዝ፤ በላቲን ሉኬርና ነው። የግእዙ ስም ማኅቶት ነው። ማኅቶትን ደግሞ መ ላይ መፈለግ አይቻልም፤ መነሻውን መግፈፍ ነው። የቀረው ኀተወ ነው፤ በብዙኃኑ ኀ። ወደ አሥራ አንደኛዋ ፊደል ተመለስኩ። ኀተወ በተ ነው፣ ኀየለ በየ፤ ማኅቶት ይቀድማል፣ ጥቂት ቅጠል ገልበጥ ሲደረግ ኀይል ይከተላል።